የአፍ ዋስ

ፈሪሀ ባሏን ጥላ ሮቢት አባቷ ቤት የገባችው በአፍ ምክንያት ነው ሲባል፣ ታሂር መጀመሪያ ሳቀ። ማለዳ ግቢው መሃል ቆሞ፣ ፊቱን ታጥቦ ሳያደርቅ፣ ስልኩን እርጥብ ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሳቀው። «መታሃት እንዴ?» ብሎ ባሏን፣ ታናሽ ወንድሙን ኡበይድን ጠየቀው። አልመታትም። «ሌላ ሴት ለመድክ?» ኧረ በአላህ! «ቤቱ ጎደለባት?» ዘይቱም ስኳሩም ባይትረፈረፍ አልጠፋም። ኡበይድ «አያ ታሂር፣ በአፍህ ገደልከኝ ነው የምትለው፤ ሌላ ነገር የላትም» አለው። ታሂር በአፍ ትዳር የሚፈርስ ቢሆን ቆቦ ውስጥ አብሮ የሚያድር ባልና ሚስት ባልተገኘ ነበር ብሎ አጽናናው። አባባሉን ራሱ ወደደውና ለዛሬው ሽምግልና ትሆነኛለች ብሎ በልቡ ያዛት። ሽምግልናው ረፋድ ላይ ሮቢት፣ የልጅቱ አባት ቤት ነው። ኡበይድን ከሕፃንነቱ አንስቶ ያሳደገው፣ የዳረውም እሱ ነውና መቅረት አይችልም።

«አንቺ ደንቆሮ፣ ፎጣው የታለ?» አለ ስልኩን እንደዘጋ። ፎጣው ትከሻው ላይ ነበር። ሚስቱ ሰይዳ ከጓዳ ወጣች፤ አየችው፤ «ትከሻህ ላይ ነው» አላለችም። ተጠግታ ከትከሻው አነሳችና በእጁ ሰጠችው። እሱም ተቀብሎ ፊቱን ጠረገበት። በዚህ ውስጥ ክፉ ነገር አለ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው ሚስቱን «የእገሌ እናት» ብሎ በልጁ ስም እንደሚጠራት ሁሉ፣ ታሂርም ሰይዳን እንደዚያ ይጠራታል። በስሟ የሚጠራት ምናልባት ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ሲያወጣላት ነው። ሰይዳ የታጠበ ሸሚዙን አምጥታ እየሰጠችው «የኑሀ አባት፣ እኔም ልምጣ ይሆን? ፈሪሀ እኔን ትሰማኛለች» አለችው ቀስ ብላ። በዚሁ ሰዓት አብሮት የሚሄደው ጎረቤቱ አያ ካሳው በሩን ገፋ አድርጎ እየገባ ነበርና ታሂር የሚስቅ ሰው በማግኘቱ ደስ አለው። «ካሳው፣ ስማልኝ እስቲ! ሽምግልና ልምጣ ትላለች! እኔ እኮ አንቺን ያየሁ ቀን ዓይኔ ታሞ ነበር!» አለ። ካሳው ሳቀ። ይህች ቀልድ በሰፈሩ የታወቀች ናት፤ ካሳው ስንት ጊዜ እንደሰማት እንጃ፣ ሁሌም ግን ይስቃል። ሰይዳም ጥርሷን አሳየችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

እንግዲህ ታሂር መጥፎ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቆቦ ላይ አስፋልቱ ዳር የውሃ ፓምፕ ዕቃና የመስኖ ቧንቧ ይሸጣል። ሽንኩርት አልሚው ሁሉ ቧንቧውን ሌላ ሱቅ በረከሰ ዋጋ ቢያገኘው እንኳ ለታሂር አፍ ሲል ከሱ ይገዛል። አፉ ማር ነው ይሉታል። ለማኙን «አባቴ» ይላል፣ ሊስትሮውን «ወንድሜ» ይላል፤ ዱቤ ወስዶ የጠፋበትን ገበሬ እንኳ «አላህ ያግራለት» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። ወንድማማች በውሃ ተራ ሲጣላ፣ ጎረቤት በወሰን ሲካሰስ፣ ታሂር ይጠራል፤ ሄዶም አስታርቆ ይመለሳል። የዚህ ሁሉ ማር ማሰሮ ግን ከግቢው በር ላይ ይከደናል። ወደ ቤቱ ሲገባ አፉ እንደ ጫማ ነው፣ በሩ ላይ አውልቆት ይገባል።

በሚኒባሱ ውስጥ እሱና ካሳው የተጫወቱት ስለ ሽንኩርት ነበር። ባለፈው ወር በኪሎ ስልሳ ብር የነበረው ዛሬ ሃያ አምስት ወርዷል፤ ነጋዴው ደግሞ ከማሳው ላይ በአሥራ ስምንት ነው የሚጠይቀው። ካሳው ናፍጣው ተወዶ ሽንኩርቱ ከረከሰ ገበሬው ፓምፑን ሸጦ ይበላል አለ። ታሂር ደግሞ አብሽር፣ ፆሙ ሲደርስ ይነሳል አለው። ግራና ቀኝ ሜዳው የታጨደ የማሽላ አገዳ ቆሞበታል፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ከአስፋልቱ ላይ መነሳት ጀምሯል። ታሂር በመስኮቱ እያየ ንግግሩን በልቡ ያሰናዳ ነበር። በሰላምታ ይጀምራል፤ ከዚያ ያቺን የባልና ሚስት ቀልድ ጣል ያደርግና ያስቃቸዋል፤ ከዚያ «ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች» ብሎ ወንድሙን ይገሥጸዋል፤ ከዚያ ልጅቱን እቤቷ ያስገባታል። ከዙሁር ሶላት በፊት ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይከፍታል።

የፈሪሀ አባት አሚን ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሳሎኑ ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፎበታል፤ ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ከመስኮቱ በታች ሰው በተደገፈበት በኩል ለቋል። አንድ የቆመ ማራገቢያ አለ፤ መብራት ስለሌለ አይዞርም። ሸምጋዩ ሼህ ኸይረዲን ከበሩ ትይዩ ተቀምጠዋል፤ ከሳቸው ቀጥሎ አሚን፣ ከወዲህ ታሂርና ካሳው፣ ኡበይድ ደግሞ በሩ አጠገብ ጉልበቱን አቅፎ። ፈሪሀ ከእናቷ ጋር በመጋረጃው በኩል ነበረች፤ ሼሁ ጠርተው አስወጥተው አባቷ ጎን አስቀመጧት። ሕፃናት ማቆያ የምታስተምር፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ሰርጓ ላይ ታሂር ራሱ «ይቺ ልጅ ገብታበት የምትደምቅበት ቤት ታድሏል» ብሎ መርቋት ነበር። ዛሬ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ አንገቷን ደፍታለች። ሻይ መጣ፣ ዱዓ ተደረገ። ታሂርም እንዳሰበው ተናገረ። ቀልዱም ያዘለት፣ ሼሁ እንኳ ፈገግ አሉ። ተረቱንም ሲያመጣው በቦታው ነበር። ወንድሙን ዓይን ዓይኑን እያየ «ሰው ቤቱን በእጁ ይሠራዋል፣ በአፉ ያፈርሰዋል፤ አፍህን ያዝ!» ሲለው ኡበይድ ግራ እንደተጋባ ሰው አየው። ታሂር ያን አስተያየት ሐፍረት መሰለው።

ሼህ ኸይረዲን የያዙት አንድ ደንብ አለ። በክፉ ቃል የተነሳ የሚመጣ ነገር ሲሆን፣ የተበደለው ሰው የተባለውን ቃል ሳይቆርጥ፣ ሳያለሳልስ፣ እንዳለ መናገር አለበት፤ ሽማግሌ ያልሰማውን አይፈርድምና። «በይ ልጄ፣ አታፍሪ» አሏት።

ፈሪሀ አንገቷን ሳታቀና «ደንቆሮ ይለኛል» አለች። «ውሃ ስጪኝ ሲልም ደንቆሮ፣ ደህና እደሪ ሲልም ደንቆሮ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ እመልስለትም ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ እሱ ማለቱ አይደለም። ባለፈው ሰሞን ሕፃናቱን ሳስተምር ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ‹አንቺ ደንቆሮ› ብዬ ራሴን ተሳደብኩ። እሱ እዚያ የለም። ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ ያልኩት። ልጆቹ ሰሙኝ።»

«ሌላስ?» አሉ ሼሁ።

«ሌላማ ሰው ፊት ነው። ‹አንቺን ያየሁ ቀን ዓይኔ ታሞ ነበር› ይለኛል። ሰው ይስቃል።»

 ታሂር ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊወስድ ነበር፤ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ካሳው የገዛ ካልሲውን የመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሰው አቀርቅሮ ያያል። ዛሬ ጠዋት በዚችው ቃል ስቆ፣ የሳቀበት አፉ ገና ሻይ አልጠገበም። አሚንም ቀና ብሎ ታሂርን አላየውም፤ ያለማየቱ ግን ከማየት ይብስ ነበር፤ እሱም የሱቁ ደንበኛ ነው፣ ቧንቧ እየመረጠ ስንት ጊዜ ሰምቷል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት ብትኖር ያን ሰዓት ከታሂር ጎን በተቀመጠች ነበር። ነገሩ ያልገባቸው ሼሁ ብቻ ናቸው፤ ቆቦ ብዙ አይወጡም። ወደ ኡበይድ ዞረው «አንተ ልጅ፣ ጨዋ ሰው አሳድጎህ፣ ይህን ቃል ከየት አመጣኸው?» ብለው ጠየቁት። ኡበይድ ወንድሙን አየ። ታሂር በዓይኑ ሊለምነው ፈለገ፤ ምን ብሎ እንደሚለምነው ግን አላወቀም። «ከየትም አላመጣሁት» አለ ኡበይድ። «ያደግሁበት ቤት የሚባል ነው። ቀልድ ነው፣ ሼሁ። የፍቅር ነው የሚመስለኝ። እትዬ ሰይዳ እኮ ትስቃለች።»

«አትስቅም!» አለች ፈሪሀ፤ አሁን ቀና ብላ። «ጥርሷን ነው የምታሳይ። አንተ አይተሃት አታውቅም። ‹ሳትለምጂው ውጪ፣ ከለመድሽው ስምሽ ይሆናል› ያለችኝ እሷ ናት!» ብላ እንደጨረሰች አፏን በእጇ ያዘች። የማይወጣ ምስጢር እንዳወጣች ገባት። ወደ ታሂር በፍርሃት አየች።

በታሂር ልብ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ሐፍረት አልነበረም፤ ቁጣ ነበር። ያቺ ደንቆሮ ቤቴ ተቀምጣ የወንድሜን ቤት ታፈርሳለች? አለ ለራሱ። እንዲህ ብሎ ሳይጨርስ ቃሉን ሰማው። አፉን አልከፈተም፤ ማንም አልሰማውም፤ ግን ራሱ ሰማው። በውስጡ ሰይዳ የምትባል ሴት አልነበረችም። ያን ጊዜ ነው ሐፍረቱ የመጣው፤ ከእግሩ ተነስቶ እየሞቀ እየሞቀ እስከ ጆሮው ወጣ። ሼሁ ነገሩ ገባቸው፤ ጢማቸውን ዳሰሱና ወደ መሬት አዩ። 

ፍርዱ አጭር ነበር። ኡበይድ ተነስቶ «ቃሌን መልሻለሁ» አለ፤ ፈሪሀንም «አፉ በይኝ» አላት። የቀረው የአፍ ዋስ ነው። ሼህ ኸይረዲን በዚህ ደንባቸው የታወቁ ናቸው፤ የተሳደበ ሰው ዳግም ላለመሳደቡ ዋስ ይጠራል፤ ያ ዋስ ተቀባይነት ካገኘ ሴቲቱ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ኡበይድ ሌላ ማን አለው? «ዋሴ ወንድሜ አያ ታሂር ነው» አለ። ታሂር ሊነሳ ጉልበቱን አጠፈ። ያኔ አሚን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በታላቅ ትሕትና፣ «ታሂርን አከብረዋለሁ» አለ። «ለብር ቢሆን፣ ለመሬት ቢሆን፣ ለደም እንኳ ቢሆን የሱ ዋስነት ይበቃኛል። ለአፍ ግን ሌላ ሰው ይጥራ። አይክፋህ፣ ወንድሜ።» አይክፋህ መባሉ ነበር የከፋው። ታሂር አጥፎት የነበረውን ጉልበት መልሶ ዘረጋው። በሕይወቱ ሙሉ ሰው ሲጠራው የኖረው ለአፉ ነበር። ፈሪሀ ወደ መጋረጃው ተመለሰች፤ ሌላ ዋስ እስኪገኝ እዚያው ትቆያለች ተባለ። ኡበይድ በሩ አጠገብ ቀረ፤ ሲወጡም ወንድሙን ቀና ብሎ አላየውም።

ሲመለሱ ካሳው ስለ ሽንኩርት አላወራም። ቆቦ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ብቻ «እኔም ስስቅ ነበር እኮ» አለ፣ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው። ታሂር ቃሉን መቼ እንደጀመረው ለማስታወስ እየሞከረ ነበር። ሰይዳ ተድራ ስትመጣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ከሱ የፈጠነች ልጅ ነበረች። ሱቁ ገና ጠባብ ሳለ አብራው ትቆም ነበር። አንድ ቀን ደንበኞች ሞልተው ሳለ፣ የሳተውን ሒሳብ ከኋላው ሆና አረመችው። ትክክል ነበረች። ሰዎቹ እሱን ማየታቸው አሳፈረውና «ዝም በይ አንቺ ደንቆሮ» አላት፤ ሰዎቹም ሳቁ። ያ ሳቅ ጣመው። ሌላ ቀን ደግሞ ፈለገው። እያለ እያለ እሷ ሒሳብ ማረም ተወች፤ ከዚያ ሱቅ መምጣት ተወች፤ ከዚያ የጠየቃትን ሁሉ «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለት ጀመረች፤ እሱም በእውነት ምንም አታውቅም ብሎ አመነ። ቃሉን ሲላት እንጂ ስትሆነው አላየም ነበር። ከሚኒባሱ ወርዶ ሱቁን ሳይከፍት አልፎ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ለእሷ የሚላትን ቃል ፈለገ። ሰይዳ፣ ሰይዳ አለ በልቡ። ስሙ አፉ ላይ እንግዳ ሆነበት። ሌላው ቢቀር ዛሬ አንዲት ደግ ቃል ሳልነግራት አላድርም ብሎ ቆረጠ፤ ይቺን ካቃተው እውነትም ለማንም አፍ ዋስ መሆን አይችልም።

ሲገባ ሰይዳ በቤቱ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣ የተቀደደ አጎበር ትሰፋ ነበር። ነጩ መረብ ጉልበቷን ሸፍኖ መሬቱ ላይ ተዘርግቷል። ቀና ብላ ቶሎ መምጣቱን አየችና ልትነሳ ስትል በእጁ ተቀመጪ አላት። ጫማውን አወለቀ። እሱ ለብቻው ከሚቀመጥበት ወንበር አለፈና ሰሌኑ ላይ፣ ጎኗ፣ ቁጭ አለ።

«ሰይዳ» አላት።

መርፌው ቆመ።

«አብሽሪ። ደክሞሻል። እሱን ተይውና ትንሽ አረፍ በይ።»

ሰይዳ ቀስ ብላ ዞራ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። አጎበሩን ከጉልበቷ ላይ ገፋችው። «ማን ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ማን ነው የሞተብኝ?»

ታሂር ክው አለ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ቅርብ ሰው ጎን ይቀመጥና በስም ይጠራል፣ አብሽሪ ይላል፣ አረፍ በይ ይላል። የሰይዳ ወንድም የሞተ ጊዜ የነገራት ታሂር ራሱ ነው፤ ያን ቀን እንዲህ ተቀምጦ፣ በዚህ ድምፅ፣ በስሟ ጠርቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ድምፅ አናግሯት እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረና አጣ። «ኧረ ማንም አልሞተም፣ ወላሂ!» አለ። «መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚባል» አለች። «እናቴ ናት? ከዋጃ ደወሉ? ኑሀ ናት? ልጄን ነው አይደል? ሮቢትም የሄድክ ለዚያ ነው፣ ሽምግልና አልነበረም!» ሻሿን ከራሷ ላይ ጎተተችው። ታሂር እየተርበተበተ ልጃቸው ኑሀ ወደምትማርበት ወደ ወልድያ ደወለ፤ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ሰይዳ ያልተነሳውን ስልክ አየችና ጮኸች። ደረቷን መታች። ጎረቤቷ ወለላ እጇ ሳሙና እንደሆነ በሩን በርግዳ ገባች፤ ታሂር ሰሌን ላይ፣ ከሚስቱ ጎን፣ እጇን ይዞ መቀመጡን ስታይ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም፤ «ወይኔ እህቴን!» ብላ እሷም ማልቀስ ጀመረች። ከአጥሩ ውጭ የሰው ኮቴ መሮጥ ተሰማ። ታሂር ማለ፣ ለመነ፣ «ሰይዳዬ» አለ፤ ሰይዳዬ ሲላት ባሰባት፣ መሬት ላይ ተዘረረች። ደግ ቃል በጨመረ ቁጥር የሞተው ሰው እየቀረባት ሄደ።

ሌላ መንገድ አላገኘም። ብድግ አለና በሙሉ ድምፁ «አንቺ ደንቆሮ!» ብሎ ጮኸ። «ማንም አልሞተም አልኩሽ! ጆሮ የለሽም?»

ሰይዳ ዝም አለች። ከተዘረረችበት ቀና ብላ ፊቱን በደንብ አየችው፤ ዓይኑን፣ አፉን፣ የተቆጣ ግንባሩን። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿ ተመለሰ፣ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ወለላም «ኧረ ደህና ነው፣ አያ ታሂር ራሱ ነው!» ብላ ሳሙናማ እጇን እያራገፈች ሳቀች። ሰይዳም አብራት ሳቀች። ጥርሷን ማሳየቷ አልነበረም፤ ሆዷን ይዛ፣ ከልቧ ነው የሳቀችው። ታሂር መሃላቸው ቆሞ፣ ያ ቃል ሚስቱን ደስ ሲያሰኛት አየ።